ምትክ አንቀጽ

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ ወንዙ ረግቶ እንደ አስፋልት ተዘርግቷል፣
የራዲያተሩ ቧንቧ እንደ አስም በሽተኛ ያስላል፣ ያቃስታል።
ሥራዬን ለጠየቀኝ «ቃል እተካለሁ» እላለሁ፤
ሹም ሽር ነው፣ የቃላት፤
የተሻረውን አነሣለሁ፣ የተሾመውን አስቀምጣለሁ።

ወረቀቱ ሁልጊዜ በዚያው በደረቅ ድምፁ ያዝዛል፦
«አንቀጽ አሥራ አራት ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል።»
እሺ።
መስመሩን ከዳር እዳር ስጎትተው ሰማያዊ ይለብሳል፤
አንድ ቁልፍ። አለቀ።
ለቅሶ የለ፣ ሠልስት የለ፤
አዲሱ ቃል ባሮጌው ወንበር፣ ሙቀቱ ሳይወጣ፣ ይቀመጣል።

ከጎኔ ዣኔት ላቫሌ አለች፤ የቀኙ ዓምድ የሷ ነው፣ ፈረንሳይኛው፤
እኔ በግራ ስሰርዝ እሷም በቀኝ ትሰርዛለች፣
አንድ አንሶላ ነው፣ ለሁለት ይዘን የምንጠመዝዘው።

ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ኦርቪል ፔነር፣ ገበሬ፣ ከሞሪስ፤
ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ድምፁ የጎተራ በር፣ ሲከፈት የሚያለቅስ።
«ቦዩን የቆፈረው ወረዳው፣ ውሃው የገባው እኔ ማሳ፤
ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ ይርጋ በልቶታል፣ ገንዘቡን እርሺው፤
ግን ያኔ ሕጉን በዓይኔ አንብቤ ነበር። 'ወረዳው ይክሳል' ነው የሚለው።
ልጄ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ 'ሊክስ ይችላል' ነው ይለኛል።
ሚስቴ እስክትሞት ድረስ አላመነችኝም።
ቃሉ ነበር? ወይስ እኔ ነኝ የጃጀሁ?»

ከፈትኩት። ገጹ ንጹሕ፣ የታጠበ ሰሌዳ።
«ወረዳው ሊክስ ይችላል።»
ከሥሩ የትንኝ እግር በሚያክል ፊደል፦ ተተክቷል፣ ምዕራፍ ስድስት።
ምን እንደነበረ የለም።
ማን ከዚያ ወንበር እንደተነሣ የለም።

ምድር ቤት ወረድኩ፤
ክሊፑ የዛገ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ሰባተኛው ጥራዝ ውስጥ
ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣
«ይክሳል።»
አራት ፊደል።
ሽማግሌው አልጃጀም።

እኔ ስሜ ምትኬ ነው።
ቢሮ «ሚት» ይሉኛል፤ በነሱ ቋንቋ የክረምት ጓንት ማለት ነው፣
ይስማማኛል ለብርዱ፤ ፍቺውን ነግሬያቸው አላውቅም።
ከእኔ በፊት አንዲት ነበረች፤ ስምንት ወር የቆየች።
እናቴን ስጠይቃት «አንቺ አለሽልኝ» ትላለች፣ ነገሩን ትቆርጣለች።
ተሰርዛ በሚከተለው ተተክታለች፤
የሚከተለው እኔ ነኝ።
በሷ አንቀልባ ታዝያለሁ፣ የሷን ሹራብ ጨርሻለሁ።
አንቀጽ ሲተካ ቁጥሩ አይለወጥም፤
አሥራ አራት ያው አሥራ አራት ነው፣
ውስጡ ማን ይኑር ማን።

አለቃችን ሃልዶርሰን «አንባቢ ይደናገራል» አለ፣ «የቱ ጸና፣ የቱ ወደቀ?»
«ግራጫ እናድርገው» አልኩት፤ «መሐሉ ላይ መስመር ይግባ፤
ከሥሩም፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና ነበር።»
ብዙ ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ።
«አንድ ምዕራፍ ሞክሪ» አለ፣ «ካስጠላ ይነሣል።»

ሞከርኩ።
ዣኔትም በቀኝ በኩል ሞከረች፤
ጠምዝዘን የጨመቅነውን አንሶላ
ቀስ ብለን መልሰን እንደመፍታት።
አሮጌው ቃል ወጣ፤ ግራጫ፣ ወገቡ ላይ መስመር የተጋደመበት፣
ግን የሚነበብ።
አትሜ ለሞሪስ ላክሁት። መልስ አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅሁ።

ማታ እናቴ ሰርጀንት ጎዳና ካለው ቤቷ ድንች ትልጣለች፤
«ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።
ቢላዋው አልቆመም። ልጣጩ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተበጠሰ።
«ምን ያደርግልሻል?»

እራት በላን። ሳህን አጠብን። ዜና አየን።
መብራቱን ልታጠፋ ማብሪያው ላይ እጇን አሳርፋ፣
ወደኔ ሳትዞር፣
«ጥርስ አብቅላ ነበር» አለች።
«ሁለት። ከታች።»